ሦስት ግርጌ

ይህን ጽሑፍ አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እጃችሁን ወደ ኋላ ዘርግታችሁ ራስጌያችሁን ዳብሱት። አለ? እንግዲያው ተመስገን በሉ። ራስጌ የሌለው አልጋ ምን ማለት እንደሆነ አታውቁም ማለት ነው። እኔ ግን አውቃለሁ። ያወቅሁትም ሦስት የተከበሩ ድርጅቶች፣ አንድ የአዲስ አበባ እንግዳና የሆሳዕና ገበያተኛ በሙሉ ቆመው እያዩ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሙያዬ ነው። ሙያ ስል አትሳቁብኝ። በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና የገባሁት የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ነበር፤ የዓለምን ወንዞች በቃሌ አወርዳቸው ነበር። በዓመቱ የእጅ ሥራ መምህሩ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ዳይሬክተሩ መምህራኑን ሰብስበው፣ “ከእናንተ መሐል መዶሻ ያለው ማን ነው?” ብለው ጠየቁ። እኔ መዶሻ ነበረኝ። ከእኔ በፊት ቤቱን የተከራየው ሰው በር ሥር ረስቶት የሄደ ነው። ሊዋሱኝ መስሎኝ “እኔ አለኝ” አልኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ አረፍኩት።

በዚያ መዶሻ የሠራሁት ሥራ ቢኖር አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ገና መጽሐፍ ሳይቀመጥበት፣ እኛ ቆመን እያየነው፣ ቀስ ብሎ ወደቀ። ተማሪዎቼ አልሳቁም። አንዱ “እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ መምህር” አለ፤ ሌላው “ግድግዳውም ጠማማ ነው” ሲል ደገፈው። የዚህ አገር ሰው ጨዋነት አንድ ቀን ጉድ እንደሚያፈላብኝ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ግድግዳው ጠማማ ነው ብዬ አመንኩ።

እንግዲህ ይህ የእጅ ጥበበኛ ማርታን ወደደ። ማርታ በሚሲዮኑ ክሊኒክ ድሬሰር ነበረች። መርፌ ከመውጋቷ በፊት በለሰለሰ ድምፅ ይቅርታ ትጠይቅና ከዚያ ያለ ምሕረት ትወጋለች። እኔ ጤነኛ ሆኜ ሳለ ለስንት በሽታ እንደተወጋሁ የማውቀው እኔና ወንበር ላይ መቀመጥ ያቃተው ገላዬ ነን። በመጨረሻ እሷው ራሷ፣ “መምህር፣ መድኃኒቱ ለበሽተኛ ይቆይ፤ ነገር ካለህ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ” አለችኝ። ላክሁ።

አባቷ አቶ ሎዳሞ የአንጋጫ ሰው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቁመታቸው በር ላይ ጎንበስ የሚያሰኝ፣ ንግግራቸው አጭር። ሽማግሌዎቼን ቆጮና አይብ አብልተው፣ ጸልየው፣ ከዚያ እንዲህ አሉ፦ “ልጅቷ ከወደደችው እኔ አልጠላም። ግን ልጄን መደብ ላይ አላስተኛም። የእጅ ሥራ መምህር ነው አሉ። አልጋውን በእጁ ይሥራ። አልጋው የቆመ ዕለት የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን።” ሽማግሌዎቹ እየሳቁ መጡ። “ምን አላት! ካንተ ሙያ አንጻር ይችማ ጨዋታ ናት” አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

የዝግባ ጣውላ ገዛሁና ግድግዳ አስደግፌው ተፋጠጥን። ማታ ስገባ ያየኛል፣ ጠዋት ስወጣ ያየኛል። መሐሉ ላይ ያለችው ዓይን የምትመስል ጉጥ በተለይ አልወደደችኝም። ጎረቤቴ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር “ምን ጀመርክበት?” ይሉኛል። “እያሰብኩበት ነው” እላለሁ። ክረምቱ እየቀረበ መጣ፤ ማርታም ክሊኒክ በር ላይ ስታገኘኝ “አልጋው እንዴት ሆነ?” ማለቷን ትታ እጆቼን ማየት ጀመረች። በእውነት ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ለነገሩ የምተኛውም መደብ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ከአዲስ አበባ ትእዛዝ የመጣው። የሙያ ትምህርት በአገሩ እንዲስፋፋ መንግሥት፣ የሃይማኖት ድርጅትና የነጋዴ ማኅበር በአንድነት መክረው መመሪያ ያውጡ፤ ለዚህም አውራጃችሁ መሞከሪያ ትሁን፤ ሦስቱ ድርጅቶች መተባበር መቻላቸው እንዲታወቅ አንድ የናሙና ሥራ በጋራ ሠርተው ያሳዩ፤ መርማሪ እንልካለን፤ ናሙናው ካማረ የሙያ ትምህርት ቤቱ ይፈቀዳል ይላል። ኮሚቴ ወዲያው ተቋቋመ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አቶ ጥበቡ ተወከሉ፤ ከረባታቸውን ለዓርብ ገበያም የማይፈቱ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ከነጋዴዎቹ ሐጂ ሸምሱ መጡ፤ ከምስማር እስከ አቡጀዲ የሚሸጡ ጉራጌ፣ በዓይናቸው የሚስቁ ሽማግሌ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ ሎዳሞ። እኔ በሙያው አዋቂ ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ግማሽ ቀን የፈጀው ለመቀመጥ ነው። ረዥም ጠረጴዛ አለ፤ ከላይ በኩል፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር፣ ባለ መደገፊያ ወንበር አለ።

“ሐጂ፣ ወደ ላይ ይለፉ” አሉ አቶ ጥበቡ።

“ኧረ በአላህ! መንግሥት ቆሞ ነጋዴ ይቀመጣል? እርስዎ ይለፉ።”

“አቶ ሎዳሞ እያሉማ አይሆንም። በዕድሜ አባታችን ናቸው።”

“እኔ የገጠር ሰው ነኝ። በር አጠገብ ይበቃኛል” አሉ አቶ ሎዳሞ፤ ብለውም አልቀሩ፣ በሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ። ሁለቱ ከእሳቸው በላይ መቀመጥ ነውር ሆነባቸውና ከጎናቸው ተሸጎጡ። አንዱ በተሸጎጠ ቁጥር ሌላው ይበልጥ ወደ በሩ ይጠጋል። በመጨረሻ ሦስቱ የተከበሩ ሰዎች አንዲት አግዳሚ ላይ ተጣብቀው፣ አቶ ጥበቡ በግማሽ ጎናቸው ደጅ ሆነው፣ ስብሰባው ተከፈተ። ጸሐፊ ነኝና መጻፊያ ስፈልግ ባዶ የቀረልኝ ከላይ ያለው ወንበር ብቻ ነበር። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጬ፣ በዚያ ሁሉ ጠረጴዛ ማዶ እየጮህኩ ነው አጀንዳውን ያነበብኩት።

“ናሙናው ምን ይሁን?” አሉ አቶ ጥበቡ። “ባለሙያው ይንገሩን።”

“አልጋ” አልኩ። በእግዚአብሔር ስም፣ ልናገር አስቤ አልነበረም። ሌላ ምን በአእምሮዬ ነበረና!

አቶ ሎዳሞ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሐጂ እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ጢማቸውን ዳበሱ። ወሬው ከሱቃቸው መቼ ቀርቶ። “አልጋ ጥሩ ነው” አሉ። “ይኸ ጸሐፊያችን ያለ አበል ነው የሚለፋው። እንግዳው ካየው በኋላ አልጋው ለእሱ ይሰጥ።”

“ይሰጥ” አሉ አቶ ጥበቡ።

“ይሰጥ” አሉ አቶ ሎዳሞም። “ግን እኔ ያልኩት በእጁ የሠራውን ነው።”

“አልጋ ሁሉ በእጅ ነው የሚሠራው፣ አቶ ሎዳሞ። በምን ሊሠራ ኖሯል?”

“በእጁ ነው ያልኩት” አሉ። ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ፤ እኔ ግን በሆዴ፣ አልጋው ቤቴ ገብቶ ይቁም እንጂ ሌላውን እንደ ፍጥርጥሩ አልኩ።

ቀጥሎ ሥራ ማከፋፈል ሆነ። አቶ ሎዳሞ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ራስጌውንና ግርጌውን ምስጥ የበላው አልጋ እንዳለ፣ ጎኖቹና ጠፍሩ ግን ደህና እንደሆኑ ተናገሩ። ስለዚህ የሚቀረው ራስጌና ግርጌ ነው። ድርጅቱ ሦስት፣ ሥራው ሁለት። አቶ ጥበቡ አስበው አስበው፣ “ሁለት ድርጅቶች ተባብረው ራስጌውን ይሥሩ፣ አንዱ ግርጌውን ይሥራ” አሉ። እስካሁን ድረስ በዚህ ሐሳብ ላይ እንከን አላገኘሁበትም። እንከኑ የመጣው ከሰዎቹ መልካምነት ነው።

“እንግዲያው ግርጌውን ለእኛ ተዉልን” አሉ ሐጂ። “ራስጌ ክብር ነው፤ ለመንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ይገባል።”

“የለም ሐጂ፣ መንግሥት አገልጋይ ነው። ግርጌው የእኛ ነው።”

“ጌታችን እግር ያጠበ ነው” አሉ አቶ ሎዳሞ። “ግርጌው የእኛ ነው።”

“እንዴት ተደርጎ!”

“አይደረግም!”

“ሞቼ እገኛለሁ!”

ከሩቅ የሚሰማ ሰው የርስት ክርክር ይመስለዋል። እያንዳንዱ ሌላውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። በመሐሉ የሐጂ የስግደት ሰዓት ደረሰና ተነሡ። “እንግዲህ ተግባብተናል” አሉ። “ተግባብተናል” አሉ ሁለቱም። ተጨባብጠው ሄዱ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ፣ “ራስጌውና ግርጌው በመከባበር እንዲሠሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ” ብዬ ጻፍኩ። ሲጻፍ ያምራል። ራስጌውን የሚሠሩት የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ ግን እኔም አላወቅሁም።

ለምን አትጠይቅም ትሉ ይሆናል። እናንተ የሆሳዕናን ሰው አታውቁም፣ ወይም ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቃችሁትን ሽማግሌ ሥራ ተቆጣጥራችሁ አታውቁም። ቢሆንም በዘዴ ሞከርኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የአናጢ ቤት ሄጄ፣ “አቶ ሎዳሞ፣ ሥራው እንዴት ነው?” አልኳቸው። አንድ በሸራ የተሸፈነ ነገር ፊት ቆመው፣ “ለእኛ የሚገባንን እየሠራን ነው” አሉ። ሐጂ ሱቅ ጓሮ ስደርስ ከዳምቦያ የመጣ አናጢ አንድ ነገር በአቡጀዲ ሸፈነብኝ። “ትንሽ ነገር ናት፣ ልጄ። ለእኛ የምትበቃ” አሉ ሐጂ። አቶ ጥበቡ ደግሞ ተማሪዎቼን በስውር ያሠሩትን ሥራ ቢሮአቸው ቆልፈውበት ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ትሕትና ተረጎምኩት፤ ራስጌውን የሚሠሩት ለመኩራራት አልፈለጉም ብዬ። አስቀድመን እንግጠመው ስላቸውም አቶ ጥበቡ፣ “እንግዳው ፊት ነው የሚገጠመው፤ ትብብሩን በዓይኑ ይየው” አሉ።

ቀኑ ደረሰ። የገበያ ቀን ነበር። እንግዳው በላንድሮቨር መጡ፤ መንገዱ የበጠበጣቸው፣ ጭቃ እስከ ባርኔጣቸው የወጣ፣ ፊታቸው ሁሉ የምሳ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሏል፤ ገበያተኛው እንሰቱንና በጉን እንደያዘ ዙሪያውን ቆሟል። ማርታ ከክሊኒኩ ሰዎች ጋር ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ነበረች። የክሊኒኩ አልጋ ጎኖች ተቀመጡ። “እንግዲህ” አሉ አቶ ጥበቡ፣ “የሦስቱ ድርጅቶች የትብብር ፍሬ።”

በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ሸራ ተገለጠ፤ ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ጉልበት የማይደርስ ግርጌ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀጥሎ የሐጂ አቡጀዲ ተነሣ፤ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ፣ በሁለት ጫፉ የነሐስ ጉልላት ያለው፣ ጉልበት የማይደርስ ግርጌ። ጭብጨባው ሳሳ። በመጨረሻ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ወጣ፤ የትምህርት ቤቱን በር በቀባው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ዝቅ ያለ፣ ትሑት የሆነ ግርጌ።

አንድ በግ ብቻ ጮኸ።

እንግዳው መነጽራቸውን ወለወሉ። “ራስጌው የትኛው ነው?”

“ከእነሱ ጋር ነው” አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ፣ አንዱ ወደ ሌላው በአክብሮት እያመለከተ።

እኔ ምድር ተከፍታ እንድትውጠኝ ለመንኩ። አልጋው ሄደ፣ ትምህርት ቤቱ ሄደ፣ ማርታ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ግን አልተጣሉም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር። “ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ ሐጂ። “አይደለም፣ የኔ ነው፤ ሰብሳቢው እኔ ነኝ” አሉ አቶ ጥበቡ። “በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው” አሉ አቶ ሎዳሞ። ጥፋቱንም እንደ ግርጌው ተሻሙበት። እንግዳውን ዳኛ ቢያደርጓቸው እሳቸውም የጨዋ ልጅ ኖረው፣ “እኔ እንግዳ ነኝ፤ እናንተ የወሰናችሁትን” አሉና ወደ ምሳው ድንኳን አሻግረው አዩ።

በዚህ ጊዜ ማርታ ወደ ፊት መጣች። መርፌ ልትወጋ ስትል እንደምታደርገው “ይቅርታ” አለች፤ እኔ በልማድ ተሸማቀቅሁ። የአባቷን ነጩን ግርጌ አንሥታ በታች በኩል ጎኖቹ ላይ አስገባችው። ከዚያ አረንጓዴውን በላይ በኩል አቆመች፣ ባለ ጉልላቱን አንሥታ አረንጓዴው ላይ ደረበችው። ሁለት ግርጌ ተደራርቦ፣ ቁመቱ ልክ አንድ ራስጌ ሆነ።

“ሁለቱ ተባብረው ራስጌውን ይሥሩ፣ አንዱ ግርጌውን ይሥራ ብላችሁ አልነበር?” አለች። “ይኸው።”

አቶ ሎዳሞ ግርጌነቱ ለእሳቸው መጽደቁን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ያን ያህል በትሕትና የኮራ ሰው ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ሐጂ ግን ደነገጡ። “የኛማ ከመንግሥት በላይ አትወጣም! ከታች ትሁን” ብለው ሊያወርዱ እጃቸውን ሰደዱ። አቶ ጥበቡ በዚያኛው ጎን ይዘው፣ “ለሐጂ እላይ ነው የሚገባው” እያሉ ወደ ላይ ያዙ። ጉልላቱ ይነቃነቃል። ማርታ ወደ እኔ ዞር አለች። “መምህር” አለች ቀስ ብላ፣ “ምነው ቆምክ? ሳይወርድ ምታው እንጂ።”

መዶሻዬ ለወጉ ከጎኔ ነበረ። ምስማር አንዱ አቀበለኝ። ሦስት ድርጅት፣ አንድ እንግዳ፣ አንድ ገበያ፣ አንዲት ማርታ እያዩኝ ተንበርክኬ መታሁ። መጀመሪያ አውራ ጣቴን፣ ከዚያ የአቶ ጥበቡን ከረባት ጫፍ፣ በመጨረሻ ምስማሩን። ምስማሩ መሐል ላይ ጎበጠና ለእኔ እንደማዘን ብሎ ወደ ጎን ገባ። ግን ገባ። እጄን አነሣሁ። አልጋው ቆመ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ቆምኩ።

እንግዳው ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ ቁጭ ብለው ሞከሩት፤ አልወደቀም። “ጥሩ ነው” አሉ። “ማን ነው የሠራው?”

“የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቻችን ናቸው” አሉ አቶ ጥበቡ።

“እኛ ምን ሠራን? ነጋዴዎቹ ናቸው” አሉ አቶ ሎዳሞ።

ሐጂ ሸምሱ ጢማቸውን ዳበሱ። በዓይናቸው ሲስቁ አየኋቸው። “እኛም አይደለንም” አሉ። “ቁርጥራጭ ነው ያመጣነው። አልጋ ያደረገው፣ በእጁ መትቶ ያቆመው ይኸ መምህር ነው። አይደለም እንዴ፣ አቶ ሎዳሞ?”

አቶ ሎዳሞ ተያዙ። አይደለም ቢሉ ሥራው የማን ሊሆን ነው? የቤተ ክርስቲያኑ ነው ማለት መመካት ይሆናል። እኔን አዩኝ፣ ያበጠውን አውራ ጣቴን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። እሷ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ መሬት መሬት ታያለች።

“አዎ” አሉ በመጨረሻ። “በእጁ ነው የሠራው።”

ማርታን ብቻ ሳይሆን ያን በግም አቅፌ ብስመው ደስ ይለኝ ነበር።

ሠርጉ ክረምት ሳይገባ ተደረገ። ትምህርት ቤቱም ተፈቀደ፤ ሙያውን የሚያውቅ መምህር መጣለትና እኔ ወደ ወንዞቼ ተመለስኩ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ደስታቸውን በጨዋነት ደበቁ። ከአዲስ አበባም መመሪያው ታትሞ ወጣ። እንግዳው ያዩትን ሁሉ በጥንቃቄ መዝግበው ኖሮ፣ ለሙያ ትምህርት ናሙና የሚሠራ አልጋ አንድ ግርጌ ከታች፣ ሁለት ግርጌ ደግሞ ተደራርቦ ከላይ እንዲኖረው፣ የላይኛውም በአንድ የጎበጠ ምስማር እንዲያያዝ ያዝዛል። ዳምቦያ ላይ ይኸው ሲነበብለት የሐጂ አናጢ ጥቂት አሰበና፣ “ምስማሩን እኛ ነን የምናጎብጠው ወይስ ጎብጦ ይመጣል?” ብሎ ጠየቀ አሉ።

በዚያው ክረምት አቶ ሎዳሞ ሊጠይቁን ከአንጋጫ መጡ፤ ዝናቡ አላስመልስ አላቸውና ቤታችን አደሩ። አልጋው ላይ ይተኙ ብንላቸው እንደ ስብሰባው ቀን ተከራከሩን። መደብ ይበቃኛል አሉ፤ አይሆንም አልን፤ በግድ አልጋው ላይ አወጣናቸው። ልጃቸው መደብ ላይ እንዳትተኛ ተብሎ ያ ሁሉ ጉድ የታየበት አልጋ ላይ አባትየው ተኙ፣ ልጅቱና እኔ መደቡ ላይ ተጋደምን።

ፋኖሱን ላጠፋ ብነሣ፣ አማቼ ራሳቸውን በነጩ ግርጌ በኩል አድርገው፣ እግራቸውን ወደ ራስጌው ሰደው ተኝተዋል።

“አባባ፣ ተሳስተዋል። ራስጌው በዚያ በኩል ነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ፣ ልጄ” አሉ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። “እሱ የባለቤቱ ነው።”

እሳቸው ያን ረዥም እግራቸውን ሲዘረጉ ባለ ጉልላቱን ግርጌ ገፉት፤ ያቺ የኔ ጎባጣ ምስማር ሲጢጥ አለች። ማርታ መደቡ ላይ ቀና አለች፤ እኔ ፋኖሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ምስማሯ አልወለቀችም።